የከረመ ይውሰደው

ሰኔ ሲብት ዳኙን፣ ሼኩም ቄሱም ሆነው፤
ሦስት ወንድም፣ አንድ እህት፣ ጥላችን ለአንድ ቤት ነው።
«ቤት በወሬ አይከፈል፣ እንደ ዳቦ አይቆረስ፤
የከረመ ይውሰደው፣ እስከ መስቀል ድረስ።»

ወንድሞቼ ሳቁ።
ጉጉፍቱን ያውቃሉ።
«እኛ ኮምቦልቻ ነን፤ ከርመሽ ቆዪን» አሉ።

አያቴ ነው ያነጸው፣ በጭቃና በድንጋይ፤
ሁለት ደርብ አድርጎ፣ ከብት ከታች፣ ሰው ከላይ።
አባቴ ሣሩን ንዶ ቆርቆሮ መታበት፣
ከሩቅ እንዲታይለት፣ ፀሐይ ሲያርፍበት።
ታየለት።
ግን ሣሩ ጢስ ጠጥቶ ሙቀት ያሳድር ነበር፤
ቆርቆሮ ምን ያውቃል፣ ከማንጸባረቅ በቀር።

ሐምሌ ገባ።
ጉሙ በር አያንኳኳ፣ ዘው ብሎ ይገባል፤
ከአባቴ ወንበር ላይ እግሩን ይዘረጋል።
ጨው በቅሉ ውስጥ ሟሟ። ክብሪቱን አላበው።
ኩበቱ ረጥቦ ጢስ ብቻ ወለደ፤
ዓይኔ ተቃጠለ፣ እጄ ግን በረደ።
ሌሊት በረዶ ሲወርድ ከጣራው ላይ፣
የሟች አበዳሪ ሁሉ አንድ ላይ መጥቶ
የሚደበድብ ይመስላል ቤቱን።

የለበስኩትን ልቁጠር፦
ሁለት ሹራብ፣ አንድ ጋቢ፣ የእናቴ ባና፣
ከሁሉም በላይ የአባቴ ካፖርት።
ኪሱ ውስጥ የመሬት ግብር ደረሰኝ
እና አንዲት የተቆላች ባቄላ።
ባቄላዋን በላኋት።
ማን ይፈርድብኛል፣ ውርስ ናት።

አንድ ማታ ገባኝ።
ግድግዳው ያው ግድግዳ፣ መስኮቱም ያው መስኮት፤
ልጆች ሳለን ታዲያ ለምን አልበረደንም?
ምድጃው አልነበረም ያሞቀን።
ከወለሉ ሥር ዘጠኝ ከብት ያድር ነበር፤
ትንፋሻቸው በሳንቃው ስንጥቅ ሽቅብ ይተን ነበር፤
እኛ አፍንጫችንን ይዘን
ሽታውን ስንረግም፣ ሙቀቱን ጠገብነው።
የአባቴ አርባ በወጣ ማግስት
ወንድሞቼ ከብቱን ለገበያ ነዱ፤
አልገባቸውም እንጂ ቤቱን ነው የሸጡት፣
ግድግዳውን ትተው ሄዱ።

ነሐሴ አጋማሽ ላይ ጎረቤቴ ሙሄ
ጆንያ ተከናንቦ መጣ፣ ገመድ ይዞ።
ከገመዱ ጫፍ ላይ ቡሬ፣
የደረሰች እርጉዝ፣ ዝናቡ ከቆዳዋ የሚንጠባጠብ።
«ጋጣዬ ተናደ» አለ።
«ለዛሬ ብቻ ነው፤ ነገ እጠግናለሁ።»
«ግቢ» አልኩ።
ለላሟ ነው ያልኩት።
እሱ ደጅ እንደቆመ ረሳሁት።

ያን ሌሊት፣ በሳንቃው ስንጥቅ፣
መጀመሪያ ሽታ፣
ቆይቶ የማመስኳት ድምፅ፣
ቆይቶ፣ መንገድ ላይ እንደከረመ ደብዳቤ፣
ሙቀት።
ጫማዬን አወለቅሁ። ከሰኔ ወዲህ የመጀመሪያዬ ነው።
በባዶ እግሬ ወለሉ ላይ ቆምኩ፤
ቡሬ ወዲያ ስትል ወዲያ፣ ወዲህ ስትል ወዲህ፣
ከሥሯ እንደምትሄድ ጀንበር ተከተልኳት።

«ለዛሬ» ያለው ሰው ስለ ጋጣው ዝም አለ፤
እኔም አልጠየቅኩም፤ ዝምታው ተስማማን።
በጳጉሜ ወለደች፤ ወለሉ
በአንድ ትንሽ ትንፋሽ ጨመረ።

ለመስቀል መጡ ወንድሞቼ፣ ከነጃኬታቸው።
«እንዴት ከረምሽ?» አሉኝ፣
ሁሉ ሰው እንደሚለው፣
መልሱን ማንም ሳይጠብቅ።
እኔ ግን መለስኩ፣ ሼኩም ቄሱም ባሉበት፦
«ብቻዬን አልከረምኩም፤ ፍርዱ ይታይልኝ።
ግማሹን የከረመችው ቡሬ ናት።»
ሽማግሎቹ ተያዩ። አንዱ ሳል ያዘው፣
ወይም ሳቅ።

ታናሼ ደረጃውን ወጣ፣
ጭቃ የያዘ ጫማውን አወለቀ፤
ወለሉን ረግጦ ቆመ፤
«ምንድን ነው የሚሞቀው?» አለ፣
እንደ ልጅነቱ
አፍንጫውን ይዞ።